ሊሚት በፕላዝማ

አቦ፣ ፕላዝማን የረሳ አለ? በ1994 ዓ.ም. 11ኛና 12ኛ ክፍል «መሰናዶ» ተባሉ፤ በ1997 ቴሌቪዥኑ ክፍላችን ገባ። እኛ የድሬ ልጆች ሊሚትንና ዴሪቫቲቭን የተማርነው ደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ በሳተላይት በሚመጣ እንግሊዝኛ ነው። ግራፍ ሲንቀሳቀስ ማየቱ ደስ ይል ነበር (አንዋሽም)። ግን ፕላዝማ «አልገባኝም» ቢሉት አይሰማም። ጥያቄውን ገልብጠን ሳንጨርስ መልሱ ይመጣል፤ መብራት ከጠፋ ትምህርቱም ጠፋ። መምህራችን በቀረችው አምስት ደቂቃ በጠመኔ ይሯሯጣሉ። የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናው ደግሞ ይህን አይቶ አይምርም።

ማትስ የገባን ማታ ነው። ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ከዚራ ዛፎቹ ሥር፣ የገባው ላልገባው በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ ያስረዳል። «ወደ ዜሮ ይጠጋል እንጂ ዜሮ አይሆንም» የሚለው ነገር በሦስቱም ቋንቋ አጨቃጭቆናል።