አይ አምስተርዳም!

አባቶቻችን «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይሉ ነበር። በዘመናችን ግን የከተማን መጠሪያ የማስታወቂያ ድርጅት የሚያሳምርበት ጊዜ መጥቷል። የከተማ አስተዳደሮች እንግዳና ባለሀብት ለመሳብ ስማቸውን አስጊጠው ገበያ ይወጣሉ፤ እርስ በርስም ይፎካከራሉ። ይህ ፉክክር ወዴት እንደሚያደርስ ለማወቅ የሁለት ከተሞችን ታሪክ ሳገላብጥ ሰነበትሁ።

የመጀመሪያዋ ኒውዮርክ ናት። እ.ኤ.አ. በ1975 ከተማዋ ከኪሳራ አፋፍ ደርሳ ነበር። የሥራ ቅነሳው ያስቆጣቸው የፖሊስና የእሳት አደጋ ሠራተኞች ማኅበራት «ወደ ፍርሃት ከተማ እንኳን ደኅና መጡ» የሚል፣ የራስ ቅል የተሣለበት በራሪ ጽሑፍ ለጎብኚዎች አዘጋጁ። በ1977 የኒውዮርክ ግዛት መንግሥት የቱሪዝም ዘመቻ ሲከፍት ሚልተን ግሌዘር ታክሲ ውስጥ እንደተቀመጠ በቁራጭ ወረቀት ላይ አንዲት ቀይ ልብ ሣለ። «ኒውዮርክን እወዳለሁ» የምትለዋ ያቺ ልብ ዓለምን ዞረች። ግሌዘር ግን ለከተማው የሠራው ነበርና ዋጋ አልጠየቀባትም።

ሁለተኛዋ አምስተርዳም ናት። በሌሎች የአውሮፓ ከተሞች እንዳትቀደም የሰጋችው ይህች ከተማ በ2004 «አይ አምስተርዳም» የሚል መፈክር አወጣች። የስሟ የመጀመሪያ ሁለት የላቲን ፊደላት በእንግሊዝኛ «ነኝ» ማለት ናቸውና፣ «አይ» ሲቀድማቸው «እኔ አምስተርዳም ነኝ» የሚል ትርጉም ይሰጣሉ። ከታላቁ የራይክስ ሙዚየም ጀርባም ቁመታቸው ሁለት ሜትር ያህል የሆነ ፊደላት ቆሙ። ፌስቡክ የተወለደው መፈክሩ በወጣበት በዚያው ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ ጎብኚው ፎቶግራፉን በበይነ መረብ ሲለጥፍ ማዘጋጃ ቤቱ ያለ ደመወዝ የቀጠረው አስተዋዋቂ ሆነ። ቶሮንቶም በ2015 የራሷን ስም በአደባባይዋ አቆመች።

አንድ ወዳጄ ከዚያ ሥፍራ የላከልኝ ፎቶግራፍ ዛሬም አለኝ። ፊደሉ ላይ ተቀምጦ ይስቃል። ከኋላው የሚታየው ፎቶ ለመነሣት ተራ የሚጠብቅ ሕዝብ ነው፤ ከዚያ ሁሉ መካከል የከተማዋ ሰው የትኛው እንደሆነ መለየት አልቻልሁም።

የከተማው ምክር ቤትም ውሎ አድሮ ይህንኑ ታዘበ። መፈክሩ «እኔ» እንጂ «እኛ» አይልም፣ የጎብኚውም ብዛት ነዋሪውን አስጨነቀ ተብሎ ፊደላቱ በታኅሣሥ 2018 ከአደባባዩ ተነሡ። በ2023 ደግሞ ያችው ከተማ ለስካርና ለአደንዛዥ ዕፅ የሚመጡ የብሪታንያ ወጣት ወንዶችን «አትምጡብን» የሚል ዘመቻ ከፈተች። እንግዳ ለመጥራት የተማረችውን የማስታወቂያ ጥበብ እንግዳ ለመመለስ ተጠቀመችበት።

ስም የጠራውን እንግዳ ስም መልሶ ሊሸኘው ይችል ይሆን? እኔ እጠራጠራለሁ። ከተማ ስሟን ገበያ ስታወጣ ገዢውን አትመርጥም፤ የሚያድርበት ቤት፣ የሚረግጠው መንገድ ግን የነዋሪዋ ነው።

«አይ» በእንግሊዝኛ «እኔ» ነው። በእኛ ቋንቋ ግን እምቢታም ነው፤ የቁጭት ትንፋሽም ነው። የዚያች ከተማ ታሪክ ሦስቱንም በየተራ ያነበበ ይመስለኛል። አይ አምስተርዳም!