የአበርፋን የሐዘን ገንዘብ



በዚህ መጽሔት ላይ ስለ ዕድር ጥቅም በየዓመቱ ብዙ ይጻፋል። እኔ ዘንድሮ ከሩቅ አገር አንድ ታሪክ ይዤ ቀርቤአለሁ። ታሪኩ የመሬት ናዳ ታሪክ ነው። ነገር ግን የለቅሶ፣ የቀብርና የመዋጮ ገንዘብ ታሪክም ስለሆነ ለእኛ ለዕድርተኞች የሚነግረን ነገር አለው ብዬ አምናለሁ። የውጭ አገሩን ዓመት በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የአገራችንን በራሳችን አቆጣጠር ጽፌዋለሁ።

አገሩ ዌልስ ይባላል። በታላቋ ብሪታንያ በስተምዕራብ ያለ ተራራማ አገር ሲሆን ከሕዝቡ ብዙ ሰው ለረጅም ዘመን የኖረው የድንጋይ ከሰል እየቆፈረ ነው። አበርፋን በአንድ ሸለቆ ውስጥ ያለች፣ በዚያን ዘመን የማዕድን ሠራተኞች የሚኖሩባት መንደር ናት። እንደሚታወቀው ከሰል ሲወጣ ብቻውን አይወጣም፤ የማይጠቅም ድንጋይ፣ አፈርና ጭቃ አብሮት ይወጣል። ይህ ሁሉ እየተጫነ ከመንደሩ በላይ ባለው ተራራ ላይ ይደፋ ነበር። በዚህ ዓይነት ሰባት ክምር ተሠራ። ሰባተኛው የተጀመረው በ1958 ሲሆን የተደፋውም የምንጭ ውሃ በሚፈልቅበት መሬት ላይ ነው። በ1966 ቁመቱ 34 ሜትር ያህል ደርሶ ነበር። ከክምሩ በታች፣ ቁልቁል በቀጥታ፣ የመንደሩ የሕፃናት ትምህርት ቤት ነበረ።

ኦክቶበር 21 ቀን 1966 ዓርብ ነበር። ትምህርት ቤቱ ከዚያ ቀን በኋላ ለአጭር ዕረፍት ሊዘጋ ነው። ጠዋት ተራራው ላይ የወጡት ሠራተኞች የክምሩ ጫፍ ሰምጦ አገኙት። ስልክ እንዳይደውሉ ሽቦው ተሰርቋል፤ ስለዚህ አንድ ሰው በእግሩ ወርዶ እንዲናገር ተላከ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ላይ፣ ልጆቹ ገና ክፍላቸው ገብተው ሲቀመጡ፣ ክምሩ ተናደ። ሸለቆው በጉም ተሸፍኖ ስለነበር ከታች ያለው ሰው ድምፁን እንጂ የሚመጣውን አላየም። ጭቃው ትምህርት ቤቱንና አጠገቡ ያሉትን ቤቶች ዋጣቸው።

144 ሰው ሞተ። ከዚህ ውስጥ 116ቱ ልጆች ናቸው፤ አብዛኞቹ ከ7 እስከ 10 ዓመት ዕድሜ ያላቸው። ከትምህርት ቤቱ መምህራንም አምስቱ አብረው አለቁ። መጀመሪያ የደረሰው ጎረቤት ነው። እናቶች በእጃቸው ጭቃውን ዛቁ። የማዕድን ሠራተኞችም ከጉድጓዳቸው ወጥተው አካፋ ይዘው መጡ። ፊሽካ ሲነፋ ሁሉም ቀጥ ይላል፤ ከሥር የልጅ ድምፅ ይሰማ እንደሆነ ለማዳመጥ ነው። ከረፋዱ 5 ሰዓት በኋላ ግን በሕይወት የወጣ አልነበረም። አስከሬኑን ሁሉ ለማውጣት አንድ ሳምንት ያህል ፈጀ። ኦክቶበር 27 ቀን የ81 ልጆችና የአንዲት ሴት ቀብር በአንድ ላይ ተፈጸመ።

ታዲያ ክምር እንዴት ይሄዳል? ነገሩ ውሃ ነው። ደረቅ አፈር እርስ በርሱ ተያይዞ ይቆማል። ከሥሩ ምንጭ፣ ከላዩ ዝናብ ሲጠጣ ግን ውሃው በአፈሩ መካከል ገብቶ ያያያዘውን ይለያየዋል። ያን ጊዜ አፈር መሆኑ ይቀርና እንደ ፈሳሽ ይወርዳል። የከሰሉ ባለቤት የሆነው የመንግሥት ቦርድ ሊቀ መንበር ሎርድ ሮበንስ፣ ከክምሩ ሥር ምንጭ እንዳለ አይታወቅም ነበር አሉ። የመንደሩ ሰው ግን ምንጩን ያውቀዋል፤ በካርታም ላይ ተስሎ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በዚህ አገር የተናገረ ሰው አልጠፋም ነበር። በ1963 የአካባቢው ማዘጋጃ ቤት መሐንዲስ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ስለሚደፋው ጭቃ አደገኛነት ደብዳቤ ጽፈዋል። በ1965 ሁለት እናቶች በትምህርት ቤቱ ላይ ስለሚመጣው ጎርፍ አቤቱታ ይዘው ወደ ርዕሰ መምህርቷ ሄዱ፤ እርሳቸውም ለማዘጋጃ ቤቱ አደረሱ። ቦርዱ የተደፈነውን ቦይ አስጠርጋለሁ ብሎ ተስማማ። እስከ ኦክቶበር 1966 ድረስ ግን ምንም አልተሠራም። እኔ ዕድሜዬን በጽሕፈት ሥራ ስላሳለፍኩ ይህ ነገር ከሁሉ ይልቅ ከነከነኝ። ደብዳቤ ገቢ ሆኖ፣ ቁጥር ተሰጥቶት፣ ፋይል ውስጥ ገብቶ ቢቀመጥ ሥራ ተሠራ ማለት እኮ አይደለም። ወረቀቱ ፋይል ውስጥ ተኝቶ ሳለ ተራራው አልተኛም። ይሁን እንጂ ወረቀቱ በመገኘቱ በኋላ እውነቱ ወጣ። ዳኛ ኤድመንድ ዴቪስ የመሩት አጣሪ ጉባኤ ለ76 ቀናት ምስክር ሰምቶ በ1967 ጥፋቱ የቦርዱ ነው ሲል ፈረደ። እንዲህም ሆኖ ከሥራ የተባረረም ሆነ የተከሰሰ አንድ ሰው የለም።

ከዚህ ቀጥሎ የገንዘቡ ነገር ይመጣል። የአበርፋን ለቅሶ ዓለምን አስለቀሰና ከ40 በላይ ከሆኑ አገሮች ሰው አዋጣ። የተሰበሰበው 1 ሚሊዮን 750 ሺህ ፓውንድ ያህል ነበር። ገንዘቡን ማን ይይዘዋል፣ ለማን ይከፈላል፣ ስንት ይከፈላል የሚል ደንብ ግን አስቀድሞ አልነበረም። ስለሆነም ጭቅጭቅ ተነሣ። የበጎ አድራጎት ገንዘብ የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት፣ ወላጆች ከሞተው ልጃቸው ጋር ምን ያህል ይቀራረቡ እንደነበር ይጠየቁ የሚል ሐሳብ እስከማቅረብ ደርሶ ነበር። እስቲ ፍረዱ! በእኛ ዘንድ ጡሩንባ ሲነፋ ሟቹን ምን ያህል ትወደው ነበር ተብሎ የሚጠየቅ አለ ወይ? በመጨረሻ ከመዋጮው ለእያንዳንዱ ልጁ ለሞተበት ቤተሰብ 5,000 ፓውንድ ተከፈለ። ጥፋተኛው ቦርድ ግን ለአንድ ልጅ የከፈለው 500 ፓውንድ ነው።

ከሁሉ የሚብሰው ቀጥሎ ያለው ነው። ከተናደው የተረፉት ክምሮች እዚያው ተራራ ላይ ቆመው ቀሩ። የልጅ ሐዘን የተቀመጠ ሰው በር በከፈተ ቁጥር ያያቸዋል። ሕዝቡ ይነሡልን ብሎ ለመነ፤ ቦርዱ ወጪው ብዙ ነው ብሎ እምቢ አለ። በ1968 የመንደሩ ሰዎች ከክምሩ ጭቃ ይዘው ካርዲፍ ከተማ ወዳለው የመንግሥት ቢሮ ሄዱና እዚያው ዘረገፉት። ያን ጊዜ መንግሥት እሺ አለ፤ ነገር ግን ከሐዘንተኞቹ መዋጮ 150,000 ፓውንድ አወጣበት። ይኸውም ልጆቹን የገደለውን ቆሻሻ ለማስነሣት የልጆቹ የለቅሶ ገንዘብ ተከፈለበት ማለት ነው። ገንዘቡ የተመለሰው በ1997፣ ከ29 ዓመት በኋላ ሲሆን እሱም ያለ ወለድ ነው። በ2007 የዌልስ መንግሥት ለመታሰቢያው ድርጅት 1 ሚሊዮን 500 ሺህ ፓውንድ ጨመረ። ይህ ሁሉ የሆነው ሕዝቡ ሳይሰለች ስለጠየቀ ነው። በዚህ መካከል ግን ፍርዱን ሳያይ ያረፈ ወላጅ ስንት ነው!

ይህ የፈረንጅ አገር ነገር ነው እንዳንል በእኛም ደርሷል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ቆሼ ላይ የቆሻሻው ተራራ ተንዶ ከ110 በላይ ወገኖቻችንን ቀብሯል። እሱም እንደ አበርፋኑ ሰው በእጁ የከመረው ክምር ነው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ከከባድ ዝናብ በኋላ ናዳ ወርዶ ቤቶችን ደፈነ። ጎረቤት እንደ ወጉ ሊያወጣ ሮጠ። ሰው ሲቆፍር ሁለተኛው ናዳ መጥቶ የመጡትን ቀበረ። ከሞቱት መካከል ለእርዳታ የወጡ መምህራን፣ የጤናና የግብርና ባለሙያዎች ነበሩበት። የሟቹ ቁጥር ከ220 በላይ ነው። አንድ ጊዜ የተናደ መሬት ሥሩ ተቆርጧልና በላዩ ያለው ሊከተል ይችላል። እኛ ዕድርተኞች ስንጠራ ዓይናችንን ጨፍነን እንሮጣለን፤ ደግነታችን ነው፤ ነገር ግን በገደል ሥር ሲሆን አንድ ሰው ወደ ላይ እያየ ይጠብቅ፣ የቀረው ይቆፍር።

የጽሑፌ መልእክት ባጭሩ ይህ ነው። ዕድር የተቋቋመው ለቀብር ነው፤ ሆኖም ሞት ከመምጣቱ በፊት ባንድነት መናገር የሚችልም ዕድር ነው። አንድ እናት ብቻዋን ቦይ ተደፈነ፣ ግንብ ተሰነጠቀ ብትል ሰሚ ላታገኝ ትችላለች። ስለዚህ አባል በስብሰባ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ሲያነሣ ፀሐፊው በቃለ ጉባኤ ያስፍረው፤ ዳኛው ለሚመለከተው ክፍል በማኅተም ይጻፉ፤ መልስ እስኪመጣም በየወሩ ይጠየቅ። ገንዘባችንም ለማንና በምን ልክ እንደሚከፈል በደንባችን ላይ ተጽፎ ይቀመጥ። በለቅሶ ቀን ደንብ አይወጣም።

ለአበርፋን ልጆች፣ ለቆሼና ለጎፋ ሟቾች ነፍስ ይማር። ለእኛም ቸር ያሰማን።