የትንሽ ሱቅ ገጽታ፦ ታፔላ፣ ዋጋ፣ ካሽሩትና ማስታወቂያ በእስራኤል

ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ በምትገኘው ወለቃ የቤተ እስራኤል ሴቶች ምጣድ፣ ጀበናና እንስራ እየሠሩ ይኖሩ ነበር። ለገበሬው የሚሸጥ ሸክላ ማስታወቂያ አያስፈልገውም፤ ገዢው በጣቱ አንኳኩቶ፣ ድምፁን ሰምቶ ይወስደዋል። በኋላ ቱሪስት በመንገዱ ማለፍ ሲጀምር እነዚያው ሴቶች ከዚያው ጭቃ በመዳፍ የሚያዙ ትናንሽ ቅርጾችን መሥራት ጀመሩ፦ አንበሳ፣ የዳዊት ኮከብ፣ ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥት ሳባ። እንግዳው እንስራ ተሸክሞ አውሮፕላን ላይ እንደማይወጣ ገብቷቸው ነበር። ጭቃው አንድ ነው፤ የተለወጠው ገዢውና አቀራረቡ ነው።

ዛሬ በረሖቮት፣ በነታንያ፣ በቂርያት ማላኺ ወይም በቤር ሼቫ እንጀራ፣ በርበሬ፣ ሽሮ ወይም የሀበሻ ልብስ የሚሸጥ ሰውም የሚገጥመው ጥያቄ ይኸው ነው። ሱቁ ለማን ነው የተከፈተው?

የታፔላው ቋንቋ

ብዙ ባለ ሱቆች ታፔላቸውን በአማርኛ ብቻ ያጽፋሉ። አረጋውያን አንብበው ይገባሉ፣ ደስም ይላቸዋል። ነገር ግን እዚህ ተወልደው ያደጉት የልጅ ልጆች አማርኛ ቢሰሙም ፊደሉን የማያነቡ ብዙ ናቸው፤ ጎረቤት ያለው ሌላው እስራኤላዊ ደግሞ ሱቁ ምግብ ይሽጥ ጨርቅ አያውቅም። በአንጻሩ አማርኛውን አውጥቶ በዕብራይስጥ ብቻ መጻፍ የመጀመሪያዎቹን ደንበኞች ማራቅ ነው። የሚሻለው ሁለቱንም መጻፍ፣ ከስሙ ሥር ደግሞ የሚሸጠውን በሁለትና በሦስት ቃል ማስቀመጥ ነው። «ጎንደር» የሚል ስም ብቻውን ለማያውቀው ሰው ምንም አይነግረውም፤ «ጎንደር፣ እንጀራና ቅመማ ቅመም» ግን ይነግረዋል።

ታፔላ ከመሰቀሉ በፊት ወደ ከተማው ማዘጋጃ ቤት፣ ወደ ዒሪያ፣ መሄድ ያስፈልጋል። በአብዛኞቹ ከተሞች ታፔላ ፈቃድና ዓመታዊ ክፍያ አለው፣ ክፍያውም በስፋቱ ይሰላል። ትልቅ ታፔላ አሠርቶ ከሰቀሉ በኋላ ደረሰኙ ሲመጣ መደንገጥ የተለመደ ነው።

ዋጋን መጻፍ

በአገር ቤት ገበያ ዋጋ የሚታወቀው በመጠየቅና በመከራከር ነበር። ክርክሩ ራሱ ሰላምታም ጨዋታም ነበረው። እዚህ አገር ግን በ1981 የወጣው የሸማቾች ጥበቃ ሕግ ሻጩ በዕቃው ወይም በማሸጊያው ላይ ሙሉውን ዋጋ በሚታይ ቦታና በሚነበብ ጽሑፍ እንዲያመለክት ያዛል። ሙሉ ዋጋ ማለት ግብር ሁሉ ተጨምሮበት በሼቄል የሚከፈለው ነው። በዕቃው ላይ የተጻፈው 20 ሆኖ ካሳ ላይ 24 ቢባል፣ ገዢው በ20 የመግዛት መብት አለው። ስለዚህ ዋጋ ሲጨመር አሮጌውን ወረቀት ከመደርደሪያው ላይ ማንሳት መረሳት የለበትም።

ከሕጉ ባሻገር ሌላም ምክንያት አለ። ማኅበረሰቡን የማያውቅ ገዢ ዋጋ ካላየ አይጠይቅም፤ ዝም ብሎ ይወጣል። ያፍራል ወይም ዋጋው በሰው ፊት የሚለዋወጥ ይመስለዋል።

ትንንሽ ሱቆችን ከማስታወቂያ እጦት ይልቅ የሚጥላቸው ይሉኝታ ነው። በምሳሌ ለማየት፣ አሥር እንጀራ የያዘ ከረጢት በ35 ሼቄል ይሸጣል እንበል። ዱቄቱ 14፣ መብራቱና ውሃው 4፣ ከረጢቱና መለያ ወረቀቱ 2፣ ኪራይና ማጓጓዣው 6 ቢወስድ ወጪው 26 ይሆናል። የሚቀረው 9 ሼቄል የጋጋሪዋ የእጅ ዋጋ ነው። «አንቺ የእናቴ ልጅ» ተብላ 5 ሼቄል ብትቀንስ፣ ከከረጢቱ ዋጋ አንድ ሰባተኛውን ብቻ የተወች ይመስላል፤ ከራሷ ድካም ግን ከግማሽ በላይ ሰጠች ማለት ነው። ዘመድን ማክበር የሚፈልግ ሰው ዋጋውን ሳይነካ አንድ እንጀራ ቢመርቅ ይሻለዋል። ለአሥራ አንደኛዋ እንጀራ የሚጨመረው ወጪ በዋናነት ዱቄትና መብራት ብቻ ነው፤ ዘመዱም በእጁ የሚይዘው ነገር ያገኛል። ዱቤም እንዲሁ ነው፤ ደብተሩ ላይ ያልተጻፈ ዱቤ ወዳጅነትንም ገንዘብንም ይዞ ይሄዳል።

«ኮሸር» የሚለው ቃል

በ1983 የወጣው በካሽሩት ማታለልን የሚከለክለው ሕግ፣ የምስክር ወረቀት ያልተሰጠው የምግብ ቤት ራሱን በጽሑፍ «ኮሸር» ብሎ እንዳያቀርብ ይከለክላል። ባለቤቲቱ ሰንበትን የምታከብር፣ ሥጋና ወተት የማታደባልቅ ብትሆንም ቃሉን በታፔላ፣ በምግብ ዝርዝር ወይም በፌስቡክ ላይ መጻፍ የምትችለው ወረቀቱ ሲኖራት ነው። ይህ ብዙዎችን ያስቆጣል፤ በሃይማኖታቸው ጽናት ስንት መከራ ላሳለፉ ሰዎች መራር ሊሆን ይችላል። ሕጉ የሚጠይቀው ግን የሰውየውን እምነት ሳይሆን ወረቀቱን ነው። ወረቀቱም ለተጻፈበት ቦታና ጊዜ ብቻ ያገለግላል፤ ጊዜው ያለፈበትን ግድግዳ ላይ መተው ያስቀጣል።

ታሽጎ የሚሸጥ እንጀራ ወይም ቅመም ደግሞ በዕብራይስጥ የተጻፈ መለያ ያስፈልገዋል፦ የምግቡ ስም፣ ከምን እንደተሠራ፣ ክብደቱ፣ የአምራቹ ስምና አድራሻ፣ እስከ መቼ እንደሚቆይ። ምግብ በቤት ሠርቶ ለመሸጥ የሚያስብ ሰው ከሁሉ በፊት የዒሪያውን የንግድ ፈቃድ ክፍል ይጠይቅ።

በተለይ መጠንቀቅ የሚገባው «ግሉተን የለውም» በሚለው ጽሑፍ ነው። ጤፍ በተፈጥሮው ግሉተን የለውም፤ ስለዚህ የሴሊያክ ሕመም ያለባቸው ሰዎች እንጀራን ፍለጋ ይመጣሉ። ነገር ግን ሊጡ ውስጥ የስንዴ ወይም የገብስ ዱቄት ከገባ፣ ወይም በዚያው ቡሃቃና ምጣድ የስንዴ ዳቦ ከተጋገረ፣ ያ ጽሑፍ ሰውን ያሳምማል። «ጤፍና ስንዴ» ብሎ እውነቱን መጻፍ ገዢ ቢቀንስም የሚቀረው ገዢ ያምናል።

ፎቶ፣ ጉግልና ስልክ

ለምግብ ፎቶ ውድ ካሜራ አያስፈልግም። እንጀራውን ጠዋት መስኮት አጠገብ አስቀምጦ፣ የስልኩን መብራት አጥፍቶ ከጎን ማንሳት ይበቃል፤ ዓይኑ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በርበሬ በመስታወት ዕቃ ቢታይ ያምራል፣ ፀሐይ ላይ ከዋለ ግን ቀለሙም ጣዕሙም ይሄዳል፤ ለዓይን ትንሽ አውጥቶ ዋናውን በጨለማ ማስቀመጥ ነው። ጠዋት ጠዋት ሱቅ ውስጥ ቡና መቁላት ደግሞ ብዙ ማስታወቂያ የማይሠራውን ይሠራል።

ሱቁን በጉግል ካርታ ላይ ማስመዝገብ ነጻ ነው። አድራሻ፣ ስልክ፣ ዓርብ ስንት ሰዓት እንደሚዘጋ፣ ሦስት አራት ፎቶ፤ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ በአንድ ማታ ይጨርሰዋል። ደውሎ «ጉግል ላይ ላስገባችሁ» እያለ በሺህ የሚቆጠር ሼቄል የሚጠይቅ ሰው ሲያጋጥም ይህን ማስታወስ ይጠቅማል።

በስልክ ማስታወቂያ ስለሚሸጡ ሰዎች አንድ ብዙዎች የማያውቁት ነገር አለ። ዕድሜው 65 የሞላው ሰው ወይም አዲስ ዓሌ ለቤቱ በስልክ ተነጋግሮ የገዛውን ነገር እስከ አራት ወር ድረስ እንዲሰርዝ ሕጉ ይፈቅዳል። ይህ መብት ግን ለግል ወይም ለቤተሰብ አገልግሎት ለገዛ ሰው ነው። ባለ ሱቅ ለንግዱ ማስታወቂያ ሲገዛ እንደ ሸማች አይቆጠርም፣ ያ ጥበቃም የለውም። በዕብራይስጥ ፈጣን ንግግር መሐል የተሰጠ «ኬን» ውል ነው ተብሎ ሊጠየቅበት ይችላል። «በጽሑፍ ላኩልኝ፣ ልጄ አንብባ ትመልስላችኋለች» ማለት ነውር የለውም።

ባለ ሱቁ ራሱ መልእክት ሲልክም ወሰን አለ። ከ2008 መጨረሻ ጀምሮ ያለ ተቀባዩ ቀዳሚ የጽሑፍ ፈቃድ ማስታወቂያ በስልክ አጭር መልእክት ወይም በኢሜይል መላክ የተከለከለ ነው፤ ፍርድ ቤት ጉዳት ሳይረጋገጥ ለአንድ መልእክት እስከ 1,000 ሼቄል ሊፈርድ ይችላል። ለሠርግ የተሰበሰበ የስልክ ዝርዝር የደንበኞች ዝርዝር አይደለም። ካሳው አጠገብ «መልእክት እንዲደርሰኝ እፈልጋለሁ» የሚል የሚፈረም ወረቀት ማኖር ይበቃል።

ምክር ለሚፈልግ፣ በኢኮኖሚ ሚኒስቴር የትንንሽና መካከለኛ ንግዶች ኤጀንሲ ሥር ያሉት የማዖፍ ማዕከላት ከንግድ አማካሪ ጋር በቅናሽ ዋጋ ያገናኛሉ፣ ኮርስም ይሰጣሉ።

ለስግድ የሚመጣ ትእዛዝ

ስግድ በ2008 በሕግ ብሔራዊ በዓል ከሆነ ወዲህ፣ በሕሽቫን 29 አካባቢ ትምህርት ቤቶችና መሥሪያ ቤቶች ዳቦ፣ ቡናና የእጅ ሥራ ያዝዛሉ። ትእዛዙ የሚመጣው ከበዓላት በኋላ በጥድፊያ ስለሆነ የዋጋ ዝርዝሩን በዕብራይስጥ አስቀድሞ ማዘጋጀት ይረዳል፦ ለስንት ሰው፣ ምን ምን፣ ማጓጓዣው ከነሱ ወይስ ከሻጩ። ድርጅት በጥሬ ገንዘብ አይከፍልም፤ ደረሰኝ ይጠይቃል። ዖሴክ ፓቱር የሆነ ቀባላ ይሰጣል፣ ዖሴክ ሙርሼ የሆነ ደግሞ ከ2025 መጀመሪያ አንስቶ 18 በመቶ የሆነውን መዓም የያዘ የግብር ደረሰኝ። ገንዘቡ ብዙ ጊዜ የሚገባው ከበዓሉ ሳምንታት በኋላ ስለሆነ፣ የጤፉን ዋጋ በእጅ ይዞ መጀመር ወይም ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅ ያስፈልጋል።