ስህተቱ የማን ነበር?

ፕሮግራም ስጽፍ አንድ መጥፎ አመል አለኝ። ውጤቱ ካሰብኩት ሲለይ ግምቴን ከመጠርጠር ይልቅ የሆነች ቁጥር ሸጎጥ አድርጌ አስተካክለዋለሁ። አይንስታይንም እንዲህ ማድረጉን ያወቅኩት ስለ ዩኒቨርስ መስፋት ሳነብ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1917 አይንስታይን የጠቅላላ አንጻራዊነት ቀመሩን በመላው ዩኒቨርስ ላይ ሞከረው። በጊዜው ዩኒቨርስ የማይሰፋ፣ የማይጠብ ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር። ቀመሩ ግን እንዲህ ያለ ዩኒቨርስ አልሰጥም አለ፤ ስበት ሁሉንም ወደ አንድ ይጎትታላ! ስለዚህ ስበትን የሚመክት ቋሚ ቁጥር ጨመረበት፤ ላምዳ ይባላል። ነገሩ የተረጋጋ መሰለ።

በ1922 አሌክሳንደር ፍሪድማን የተባለ የፔትሮግራድ የሂሳብና የአየር ጠባይ ተመራማሪ ያንኑ ቀመር አነሳ። ዩኒቨርስ የግድ ባለበት ይቁም ብለን ባናስገድደውስ? ሲሠራው ስፋቱ ከጊዜ ጋር የሚለዋወጥ ዩኒቨርስ አገኘ፤ እየሰፋ የሚሄድም አለ፣ ሰፍቶ ተመልሶ የሚሰበሰብም አለ። ለምሳሌ ያህል ባሰላው አንድ ዙር 10 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ይፈጃል። መረጃው ገና በቂ እንዳልሆነም አልደበቀም።

አይንስታይን ወዲያው በዚያው መጽሔት አጭር ማስታወሻ አወጣ፤ ውጤቱ አጠራጣሪ ነው፣ ከቀመሩም ጋር አይገጥምም አለ። የተሳሳተው ግን እሱ ነበር። በእሱ ስሌት የቁስ እፍጋት በጊዜ አይለወጥም፤ ዩኒቨርስ ሲሰፋ እፍጋቱ እንደሚቀንስ ዘሎታል።

ፍሪድማን ስሌቱን ዘርዝሮ፣ ትክክል ሆኖ ካገኘኸው እርማት አውጣ ብሎ ጻፈለት። አይንስታይን ግን በዚያን ጊዜ ጃፓን ነበር። በግንቦት 1923 የፍሪድማን ባልደረባ ዩሪ ክሩትኮቭ ሆላንድ፣ ላይደን ከተማ አግኝቶ አስረዳው። አይንስታይንም ስህተቱ የእኔ ነው ብሎ በይፋ አሳተመ። ይሄን ለማድረግ ድፍረት ይጠይቃል። በረቂቁ ላይ ግን ውጤቱ ተጨባጭ ትርጉም ሊኖረው አይችልም የሚል ሐሳብ ጽፎ፣ ከመታተሙ በፊት ሰርዞታል። ሂሳቡን ተቀበለ እንጂ ዩኒቨርስ ይሰፋል ብሎ አላመነም።

በ1927 ቤልጂየማዊው ቄስ ዦርዥ ለሜትር የፍሪድማንን ሥራ ሳያውቅ እዚያው ደረሰ። የጋላክሲዎችን መሸሽ ከዩኒቨርስ መስፋት ጋር አያያዘው። የአይንስታይን መልስ አልተለወጠም፤ ስሌትህ ልክ ነው፣ ፊዚክስህ ግን አስቀያሚ ነው አለው። በ1929 ኤድዊን ሀብል ጋላክሲዎች በራቁ ቁጥር በፍጥነት እንደሚሸሹ የሚያሳይ ልኬት አወጣ። በ1931 አይንስታይን ላምዳን ጣለው፤ የፍሪድማንንም ቀዳሚነት መሰከረ።

ፍሪድማን ይሄን አላየም። በ1925 በ37 ዓመቱ ታይፎይድ ገድሎታል።

ላምዳ ግን አልሞተም። በ1998 የዩኒቨርስ መስፋት እየፈጠነ መሆኑ ሲታወቅ ተመልሶ መጣ፤ ዘንድሮ የሚፈለገው ዩኒቨርስን ለማቆም ሳይሆን ፍጥነቱን ለማስረዳት ነው። እኔም ቁጥር መሸጎጤን አልተውኩም። አሁን ግን ለምን እንዳስገባኋት ከጎኗ እጽፋለሁ።