ከኩርፊያ እስከ ፍቺ

በቀድሞው ዘመን በጎጃምና በጎንደር አገር በሰማንያ ውል ተጋብተው የኖሩ ባልና ሚስት በተጣሉ ጊዜ፣ ሚስት አኩርፋ ወደ ወላጆቿ ቤት ከሄደችበት ዕለት አንሥቶ ንብረቱ በሽማግሎች ፊት ተቈጥሮ እስኪከፈል ድረስ ያለው ጊዜ፣ ከፍቺው ራሱ ይልቅ የከረረ ጠብ የሚወለድበት ወራት ነበረ፤ በዚያ መካከል ላም ትወልዳለች፣ አዝመራው ይታጨዳል፣ ጎተራው ይጎድላል፣ ጥጃው የማን ነው፣ የተበላውስ እህል ከማን ድርሻ ይታሰባል የሚለው ክርክርም ይነሣል።

ሰማንያ እንደ ቁርባን በቅዱስ ሥጋውና በክቡር ደሙ የሚታተም ጋብቻ ስላልነበረ መፍረሱ አስቀድሞ የታሰበ ነበር፤ ስለዚህም ውሉ በሚፈጸምበት ዕለት፣ በንጉሥ ስም ከሚምሉት መሐላ ጋር፣ ሁለቱም ያመጡትን ከብት በዋስና በምስክር ፊት ያስቈጥሩ ነበር። ቢፋቱ እያንዳንዱ ያመጣውን ይዞ፣ በትዳር የተገኘውን እኩል ይካፈሉ ነበር። ርስት ግን ከአባቶች የሚወርድ የዘር ሀብት ስለ ነበረ ለክፍፍል አይቀርብም ነበር፤ የሚያከራክረው በላዩ የበቀለው ሰብል ነበረ። ሊቃውንት ስለ ጋብቻ የሚናገረውን የፍትሐ ነገሥት 24ኛ አንቀጽ ቢጠቅሱም፣ የበሬውንና የጥጃውን ነገር የሚቈርጡት፣ እኔ እንደማምነው በተሻለ ማስተዋል፣ የአገር ሽማግሎች ነበሩ።

ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀውና በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህን የሽማግሌ ልማድ ሳይሽር ለቤተ ዘመድ ሽማግሎች የፍቺን ዳኝነት ሰጠ። ሆኖም የጋራውን ሀብት አስተዳደር በአብዛኛው ለባል ስለ ተወ፣ ከቤት የወጣችው ሚስት ነገሩ እስኪያልቅ ድረስ በባሏ እጅ ያለውን ንብረት ከሩቅ የምትመለከት ሆነች፤ ደግሞም ለፍቺው ጥፋተኛ የተባለ ወገን ድርሻው ሊቀነስበት ይችል ስለ ነበረ፣ ተጋጪዎቹ ሽማግሎቹ ሊያስታርቋቸው የሚሞክሩበትን ወራት አንዱ የሌላውን በደል በመልቀም ያሳልፉት ነበር። ከቤት ንብረት ጠብ ይልቅ ዕርቅን ያመከነው፣ በእኔ ግምት፣ ይህ የጥፋተኝነት ድንጋጌ ነው።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ የጋራውን ሀብት አስተዳደር የሁለቱም አደረገው፤ ጋብቻን የማፍረስንም ሥልጣን ከሽማግሎች ወስዶ ለፍርድ ቤት ሰጠ፤ የፍቺ አቤቱታ እንደ ቀረበ፣ ውሳኔው ሳይጠበቅ፣ ስለ ተጋቢዎቹ መተዳደሪያ፣ ስለ ልጆች አጠባበቅና ስለ ንብረቱ አስተዳደር ትእዛዝ እንዲሰጥ ዳኛውን አዘዘው። ለሽማግሎች የቀረላቸው ማስታረቅ ብቻ ነው።