የመኪናችን የጎን ስፖኪዮ፦ ሰፋ አድርጎ የሚያሳይ መስታወት ከመቀየራችን በፊት

የሥራ ፈረቃ በሚለወጥበት ሰዓት ከቂርያት ጋት የኢንዱስትሪ ቀጠና ወጥቶ በ35 ቁጥር መንገድ ወደ ፕሉጎት መገናኛ የሚነዳ ሰው ሁሉ ይህ ነገር ደርሶበታል። ፍሬቻ ያሳያል፣ ስፖኪዮውን ያያል፣ መንገዱ ባዶ ነው፣ መሪውን ጠምዘዝ ሲያደርግ አጠገቡ ያለ መኪና በጥሩምባ ይጮህበታል። ያ መኪና ከሰማይ አልወረደም። ቀድሞውንም እዚያው ነበረ፤ ግን በውስጥ መስታወትም በጎን መስታወትም በማይታይ ቦታ ላይ ነበረ። የመንዳት አስተማሪዎች በዕብራይስጥ «ሸታህ ሜት» ይሉታል፣ ሙት ቦታ ማለት ነው። ብዙ ሰዎች ይህን ለማጥበብ ሰፋ አድርጎ የሚያሳይ መስታወት ለመግጠም ይፈልጋሉ። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ነገር ግን ዋጋ አለው፤ ዋጋውም በሸቀል ብቻ የሚከፈል አይደለም።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ እንነጋገር። በኢትዮጵያ ሹፌሮች «ስፖኪዮ» የምንለው ቃል የመጣው ከጣልያንኛ ነው። እዚህ አገር መለዋወጫ ሱቅ ገብተው «ስፖኪዮ» ቢሉ የሚሰማዎት የለም፤ «ማርኣት ጻድ» ይበሉ። ግራና ቀኝ የሚቆጠረው መሪው ላይ ከተቀመጠው ሰው አንጻር ነው። መኪናው ፊት ለፊት ቆመው «የቀኙ» ብለው ቢያዝዙ የተሳሳተውን ይዘው ይመለሳሉ፤ ሱቆች ደግሞ ካርቶኑ የተከፈተ ዕቃ ለመመለስ ደስ አይላቸውም።

የመስታወቱ ዓይነት

የጎን መስታወት በሦስት ዓይነት ይሠራል። አንደኛው ጠፍጣፋ ነው፤ ነገሩን በትክክለኛ መጠኑ ያሳያል፣ የሚያሳየው ስፋት ግን ጠባብ ነው። ሁለተኛው ወደ ውጭ ጎበጥ ያለ ነው፤ ሰፊ ቦታ ያሳያል፣ ነገር ግን ሁሉን ያሳንሳል። ሦስተኛው ሁለቱን ያጣመረ ነው፦ አብዛኛው ክፍሉ ጥቂት ጎበጥ ያለ ሆኖ የውጭው ጠርዝ ይበልጥ ይጎብጣል። ይህን ሦስተኛውን ለማወቅ ቀላል ነው፤ ከውጭው ጠርዝ አጠገብ ከላይ ወደ ታች የተሰመረ ቀጭን ወይም ነጠብጣብ መስመር አለው። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ለመለየት ቀጥ ያለ ማስመሪያ መስታወቱ ላይ ያሳርፉ። ማስመሪያው መሐል ላይ ነክቶ ዳርና ዳሩ ክፍት ከሆነ መስታወቱ ጎበጥ ያለ ነው።

በአሜሪካ ደንብ የሹፌሩ ወገን መስታወት ጠፍጣፋ እንዲሆን ግዴታ ነው። በሌላው ወገን ያለው ጎበጥ ሊል ይችላል፤ ያን ጊዜ ነገሮች ከሚታዩት በላይ ቅርብ ናቸው የሚል ማስጠንቀቂያ ይጻፍበታል። በአውሮፓ ደንብ ግን በሁለቱም በኩል ጎበጥ ያለው ይፈቀዳል። ስለዚህ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ መኪና ያለው ሰውና ከአውሮፓ የመጣ መኪና ያለው ጎረቤቱ በግራ መስታወታቸው የሚያዩት አንድ አይደለም። ጎረቤትዎ «እኔ ሁሉ ነገር ይታየኛል» ቢልዎ እርስዎ የማየት ችግር አለብዎ ማለት አይደለም።

የስፋት ዋጋ

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፣ ምክንያቱም አደጋ የሚመጣው ከዚህ ነው። በአውሮፓ ደንብ የተለመደው የመኪና የጎን መስታወት ጉብጠት የሚለካው በክብ ነው፤ የክቡ ሬዲየስ ከ1200 ሚሊ ሜትር እንዲያንስ አይፈቀድም። በዚህ ልክ የጎበጠ መስታወት ከሹፌሩ ዓይን 70 ሳንቲ ሜትር ርቆ ቢገጠምና ከኋላ በ20 ሜትር ላይ መኪና ቢኖር፣ መኪናው የሚታየው በጠፍጣፋ መስታወት ከሚታየው መጠን ግማሽ እንኳ በማይሞላ መጠን ነው። በቀኝ በኩል ደግሞ መስታወቱ ከዓይናችን ስለሚርቅ ወደ ሲሶ ይወርዳል። ጭንቅላታችን ግን ርቀትን የሚገምተው በመጠን ነው፤ ትንሽ ሆኖ የታየውን «ገና ሩቅ ነው» ይለዋል። እርስዎ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር፣ ከኋላ ያለው በ110 ቢነዳ፣ እነዚያ 20 ሜትሮች ከ4 ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ያልቃሉ።

እኔም በራሴ ደርሶብኛል። የቆመ መኪናዬን የግራ መስታወት ሰው ሰብሮት ሄደ፤ ከአንድ ሱቅ ርካሽ ምትክ ገዛሁ። የድሮው ጠፍጣፋ ነበር፣ አዲሱ ግን ጎበጥ ያለ ነበር፤ ሻጩም አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ስፋቱን አይቼ ደስ ብሎኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን በ40 ቁጥር መንገድ ላይ ወደ ግራ ስወጣ ሩቅ ነው ያልኩት ሞተር ሳይክል በሬ አጠገብ ደርሶ ነበር። ልጁ በእጁ ምልክት ሰጥቶኝ አለፈ፤ ምን እንዳለኝ እዚህ አልጽፈውም። ከዚያ ወዲህ ያለኝ ልማድ ይህ ነው፦ ነገሩ መኖሩን በጎን መስታወት አያለሁ፣ ርቀቱን በውስጥ መስታወት እለካለሁ፣ ምክንያቱም የውስጡ ጠፍጣፋ ነው፤ ከዚያም አንገቴን ዞር አድርጌ አያለሁ።

በዚህ አጋጣሚ፣ አንድሩ ሂክስ የሚባሉ በፊላደልፊያ የድሬክሰል ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ሊቅ ብዙም ሳያዛባ 45 ዲግሪ ያህል የሚያሳይ መስታወት ቀምረው በ2012 የባለቤትነት መብት አግኝተዋል። ጠፍጣፋው ከ15 እስከ 17 ዲግሪ ብቻ ነው የሚያሳየው። ሆኖም ጠፍጣፋ ስላልሆነ በአሜሪካ ለአዲስ መኪና የሹፌር ወገን አልተፈቀደም።

ከመግዛት በፊት ማስተካከል

ብዙዎቻችን የጎን መስታወቱን የምናስተካክለው የራሳችንን መኪና ጎን እስክናይ ነው። የራስን መኪና ማየት ያጽናናል፣ ግን መስታወቱ የሚያሳየውን ቦታ ይበላል። በ1995 ጆርጅ ፕላትዘር የሚባሉ አሜሪካዊ መሐንዲስ ሌላ መንገድ አሳይተዋል፤ ገንዘብ አይጠይቅም። ጭንቅላትዎን ወደ ግራ መስኮት አስጠግተው የግራውን መስታወት የመኪናዎ ጎን በጭላንጭል እስኪታይ ድረስ ወደ ውጭ ይክፈቱት። ከዚያ ወደ መሐል፣ በሁለቱ የፊት ወንበሮች መካከል ዘንበል ብለው የቀኙንም እንዲሁ ያድርጉ። ቀጥ ብለው ሲቀመጡ የራስዎ መኪና አይታይዎትም። የሚያልፍዎ መኪና ግን ከውስጥ መስታወት ሲወጣ በጎን መስታወት ይገባል፣ ከዚያም ሲወጣ በመስኮትዎ ይታያል። ለጥቂት ቀናት እንግዳ ነገር ይመስላል፤ ወደ ኋላ ሲያቆሙም ትንሽ ያስቸግራል። ለብዙ ሰው ግን ይህ ብቻ ይበቃል።

መስታወቱ ላይ የሚለጠፉት ትናንሽ ክብ መስታወቶች በጣም የጎበጡ ናቸው። «አለ ወይስ የለም» ለማለት ይጠቅማሉ፣ ርቀት ግን ፈጽሞ አይለካባቸውም። ከለጠፏቸው ከላይ በውጭው ጥግ ይሁን፣ ዋናውን እይታ እንዳይሸፍኑ።

ለመግዛት ሲሄዱ

የመኪናውን ፈቃድ (ሪሽዮን ረኸቭ) ይዘው ይሂዱ፤ ዓይነቱና የተሠራበት ዓመት እዚያ ላይ አለ። መስታወቱ የሚሞቅ መሆኑን (ሂሙም)፣ በኤሌክትሪክ የሚታጠፍ መሆኑን፣ ፍሬቻ ያለው መሆኑን አስቀድመው ይዩ። በመስታወቱ ውስጥ የሙት ቦታ ማስጠንቀቂያ መብራት ወይም ከሥሩ ካሜራ ካለ ርካሹን ምትክ አይግዙ፣ ማስጠንቀቂያው ላይሠራ ይችላል። በመስታወቱ ላይ በክብ ውስጥ የተጻፈ «ኢ» ፊደልና ቁጥር ይፈልጉ፤ በአውሮፓ ደንብ ተመርምሮ ማለፉን ያሳያል፣ 1 ጀርመን፣ 2 ፈረንሳይ፣ 3 ጣልያን ነው። ከመጀመሪያው ስፖኪዮ የሚበልጥና ወደ ውጭ የሚወጣ ቤት ለመግጠም ካሰቡ ደግሞ የቴስት ቦታውን አስቀድመው ይጠይቁ፤ የመኪናን አካል መለወጥ (ሺኑይ ሚብኔ) ከትራንስፖርት ሚኒስቴር ፈቃድ የሚያስፈልገው ጉዳይ ነው።

መቀየሩ

የተሰበረው መስታወቱ ብቻ ከሆነ ሙሉውን ስፖኪዮ መግዛት አያስፈልግም፤ የመስታወቱ ዋጋ በብዙ ያንሳል። ወፍራም ጓንትና መነጽር ያድርጉ፤ ስብርባሪው እንዳይረግፍ በሰፊ ፕላስተር ይሸፍኑት። በአብዛኞቹ መኪናዎች መስታወቱ በፕላስቲክ መንጠቆ የተያዘ ነው። አንዱን ጠርዝ ወደ ውስጥ ሲገፉት ሌላው ጠርዝ ይከፈታል፤ በዚያ በኩል ቀስ ብለው ይሳቡት። በክረምት ጠዋት ፕላስቲክ ቶሎ ይሰበራል፣ ፀሐይ ያሙቀው። ሁለቱን የማሞቂያ ሽቦዎች ነቅለው አዲሱ ላይ ይሰኩ። ከዚያ በጨርቅ መሐሉን ቀጥ አድርገው «ቀጭ» እስኪል ይጫኑት፤ ጠርዙን ከተጫኑ ይሰነጠቃል። ሳይሳብ እንቢ ካለ አያስገድዱት፤ አንዳንዱ በብሎን ወይም በሽቦ የታሰረ ነው።

ሙሉው ስፖኪዮ ሲቀየር የበሩ የውስጥ ሽፋን መነሳት ስላለበት ወደ ሙሳክ መውሰድ ይሻላል። ዋጋውን በጽሑፍ አስቀድመው ይጠይቁ፣ ዕቃው ኦሪጅናል፣ ምትክ ወይስ ያገለገለ መሆኑም ይጻፍ፣ ደረሰኝም ይቀበሉ። ሙሉ ኢንሹራንስ (መኪፍ) ቢኖርዎትም ከራስዎ የሚከፍሉት ድርሻ ብዙ ጊዜ ከስፖኪዮው ዋጋ ይበልጣል፤ የተጠየቀ ካሳ ደግሞ የሚቀጥሉትን ዓመታት ክፍያ ሊያስወድድ ይችላል። የሰበረው ሰው ከታወቀ ግን ከእሱ ኢንሹራንስ በሦስተኛ ወገን መጠየቅ ይቻላል። የተሰበረ ወይም የላላ ስፖኪዮ ይዞ ወደ ዓመታዊው ቴስት መሄድ ሁለት ጊዜ መመላለስ ነው።

አንገታቸው እንደ ልብ ለማይዞር አባቶችና እናቶች ሰፊው መስታወት ከሁሉም በላይ ይጠቅማል። ከመንዳታቸው በፊት ግን ልጅ ወይም የልጅ ልጅ አብሯቸው ጸጥ ባለ ማቆሚያ ቦታ ይሞክሩት። መኪናው ሞተሩ ጠፍቶ ይቁም፣ አንድ ሰው ከኋላ ጀምሮ በጎን በኩል ቀስ እያለ ይራመድ፣ ሹፌሩም «አሁን ጠፋህ፣ አሁን መጣህ» ይበል። የጠፋበትን ቦታ መሬት ላይ በኖራ ያስምሩበት። ከዚያ ያው ሰው በብስክሌት ይድገመው፤ ከ16 ዓመት ጀምሮ በኤሌክትሪክ ብስክሌት መንዳት ስለሚፈቀድ በከተማችን በቀኝ በኩል ድምፅ ሳያሰሙ የሚመጡት እነዚህ ልጆች ናቸው። በቀኝ በኩል የሚሰመረው ቦታ ከግራው ሰፍቶ ብታገኙት አትደነቁ።