ሻኛ የበቀለባት ላም
(ስለ መንገድ ምልክትና ስለ ቀልድ)

ልጅ ሳለሁ ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ ሲወረድ ከመንገዱ ዳር አንድ ታፔላ ቆሞ ነበር። ሦስት ማዕዘን፣ ዙሪያው ቀይ፣ መሐሉ ላይ አንዲት ጥቁር ላም። «ከብት ያቋርጣል፣ ተጠንቀቅ» ማለት ነው። ላሚቱ ግን የፈረንጅ ላም ነበረች፤ ጀርባዋ እንደ ጠረጴዛ ልሙጥ። አንድ ቀን ከእኛ መካከል አንዱ በከሰል ሻኛ አበቀለላት፤ አንገቷንም ሳብ አደረገው። ሰኞ ለገበያ የመጣ ሰው ቆሞ ተከራከረባት። ገሚሱ «አሁን የአገራችንን ላም መሰለች» ሲል ገሚሱ «ኧረ ግመል ናት!» አለ። ከሰሉን የያዘው እጅ የማን እንደነበረ አልናገርም።

ይህን የማነሣው ለሣቅ ብቻ አይደለም። በመንገድ ምልክት ላይ መቀለድ ጥበብ ነው ወይስ ጥፋት? ክርክሩ በሌላውም ዓለም አለ። ለመፍረድ ግን አስቀድሞ ምልክቱ ከየት እንደመጣ ማወቅ ይበጃል።

አውቶሞቢል በአውሮፓ እየበዛ ሲሄድ ሹፌሩ ወሰን እያቋረጠ የማያነበው ቋንቋ ውስጥ ይገባ ጀመር። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1909 ፓሪስ ላይ የተሰበሰቡ መንግሥታት አራት አደጋዎች በሥዕል እንዲገለጹ ተስማሙ፤ ወጣ ገባ መንገድ፣ ኩርባ፣ መስቀለኛ መንገድና የባቡር ሐዲድ መሻገሪያ። እ.ኤ.አ. በ1931 ጄኔቭ ላይ ደግሞ ቅርጹም እንዲናገር ተደረገ፤ ሦስት ማዕዘኑ ለአደጋ፣ ክቡ ለክልከላና ለትእዛዝ። እ.ኤ.አ. በ1968 ቪየና ላይ የወጣው ስምምነት ነገሩን አስፋፍቶ፣ ከምልክቱ ዓላማ ጋር የማይገናኝ ነገር በምልክት ላይ መለጠፍ ክልክል ነው የሚል አንቀጽ ጨመረበት። ቀልደኛውን አስቀድመው አስበውታል ማለት ነው!

ወደ እኛ አገር አውቶሞቢል የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. ነው። የባቲው መንገድ ግን የመጣው ከወራሪ ጋር ነው። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ከገባ በኋላ ለጦሩና ለስንቁ ብሎ ከአሰብ ወደብ ተነሥቶ በባቲ በኩል ኮምቦልቻና ደሴ የሚደርስ መንገድ ሠራ። በ1933 ዓ.ም. ወራሪው ተባረረ፤ መንገዱ ቀረ። በ1956 ዓ.ም. ደግሞ አገሪቱ በግራ መንዳት ትታ በቀኝ መንዳት ጀመረች። እስቲ አስቡት፤ ሹፌር ሁሉ ልማዱን ሲገለብጥ! እንዲህ ያለ ነገር የሚሳካው ሰው ሁሉ አንዱን ምልክት በአንድ መልክ ሲረዳው ብቻ ነው። ግመል ግን ያኔም ዛሬም ቀኝና ግራ አልተማረም።

በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ከተነሣ ወዲህ የአሰብ ጉዞ ቢቆምም፣ የጅቡቲ ጭነት በሚሌ አድርጎ፣ ባቲን አቋርጦ ኮምቦልቻ ይገባል። ባቲ ደግሞ ሰኞ ሰኞ የአፋር፣ የኦሮሞና የአማራ መገናኛ ናት። ግመሉ፣ ፍየሉ፣ አህያው፣ ሰው፣ ሁሉም አስፋልቱ ላይ ነው። ሹፌሩ ከየትም ይምጣ፣ የትኛውንም ቋንቋ ይናገር፤ ፊደል ሳይጠይቅ የሚያስጠነቅቀው ሥዕል ለእንዲህ ያለ ቦታ ቅንጦት አይደለም።

እርግጥ የእኛም ሰው መንገድ ላይ መቀለድ አያቅተውም። ቀልዱን የሚያሳርፈው ግን ብዙ ጊዜ በመኪናው ላይ ነው። ታክሲ ውስጥ ስለ ሂሳብና ስለ መልስ የሚያሾፉ ጥቅሶች ይለጠፋሉ። አይሱዙው በፍጥነቱ «አልቃይዳ» ተባለ፤ ሲኖትራኩም «ቀይ ሽብር»። መራራ ቀልድ ነው፤ ግን ልብ በሉ፣ ያስጠነቅቃል። ስሙን የሰማ እግረኛ ፈቀቅ ይላል።

ቀልዱን ከታፔላው ላይ ያወጣው በጣሊያን አገር፣ ፍሎረንስ ውስጥ የሚሠራው ፈረንሳዊ ሠዓሊ ክሌት አብርሃም ነው። እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በምልክቶች ላይ የሚነሣ ተለጣፊ ሥዕል ይለጥፋል። «መግባት ክልክል ነው» በሚለው ቀይ ክብ ላይ ያለውን ነጭ አግዳሚ አንድ ጥቁር ሰውዬ ተሸክሞት ይታያል። መውጫ የሌለውን መንገድ በሚያመለክተው ታፔላ ላይ ደግሞ ክርስቶስን ሰቅሎበታል። ብዙ ሰው ወደደለት፤ ማዘጋጃ ቤት ቀጣው። የእሱ መከራከሪያ ምልክቱ አሁንም ይነበባል የሚል ነው።

እኔም እስከዚህ ድረስ ከእሱ ጋር ነበርኩ። የእኛም ላም ሻኛ ብታበቅል «ከብት አለ» ማለቷን አልተወችም።

ዳሩ ግን ነገሩ በላሟ አላበቃም። ያገኘችውን ሣቅ ያየ ሌላ ልጅ ትንሽ ወረድ ብሎ ወዳለው የኩርባ ምልክት ሄደ። ወደ ግራ የሚታጠፈውን ቀስት ጫፉን በጭቃ ደፍኖ፣ በወዲያኛው ጎን ቀንድ አወጣለት፤ በሬ አደረገው። ሣቅን። በሳምንቱ፣ በጉም ማለዳ፣ ሽንኩርት የጫነ መኪና ኩርባውን ስቶ ቦይ ውስጥ ገባ። ሰው አልሞተም፤ የረዳቱ ክንድ ግን ተሰበረ። ሹፌሩ ጉሙን ረገመ። ምናልባት እውነቱን ይሆናል። እኛ ግን ሽንኩርቱን ስንለቅም አንዳችን የሌላችንን ዓይን አላየንም። ማታ ሄደን ጭቃውን አጠብነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዘገባ በዓለም ላይ በዓመት 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል። ከ5 እስከ 29 ዓመት ላለው ደግሞ ቀዳሚው የሞት ምክንያት ይኸው ነው። የእኛው ዕድሜ እኮ ነው፣ ጓደኞቼ።

እንግዲህ ቀልደኛው መጠየቅ ያለበት «ያስቃል ወይ?» ተብሎ ብቻ አይደለም። «እዚህ አልፎ የማያውቅ ሹፌር፣ በጨለማ፣ በአንድ አፍታ ያንኑ ነገር ይረዳል ወይ?» ተብሎ ነው። ቀልድ ቆሞ ለሚያይ ሰው ነው፤ ምልክት ግን ለመቆም ጊዜ ለሌለው። ላሟን እያየ የሳቀው ሹፌር ከፊቱ ያለውን አህያ አይቶት ይሆን? ያኔ አልጠየቅንም።

ይሁንና ከሰሉም የተናገረው እውነት ነበረ። ምልክቱን የተከለው ሰው ባቲን አያውቃትም ነበር። በዓረብ አገሮች መንገድ ላይ የግመል ምልክት አለ። ግመል የሚያቋርጥበት የእኛም መንገድ ላይ በደንብ የተሣለ ግመል ይተከል። ያን ጊዜ ከሰሉን እናስቀምጣለን።